በሞቴ ያልኸኝ ዕለት

ላሊበላ፣ የካቲት 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ።

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የጎንህ ውጋት ተወህ ወይስ አሁንም ብርድ ሲነካህ ይነሳብሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንሁም። ጉልበቴም ቢሆን የእናንተን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ያመጣሁት ነው እንጂ የአገሬ ዳገት አልበደለኝም። ዳልቻዋ ላም ወልዳለች። ገብሱም ውርጭ ከመታው የተረፈው ጎተራ ገብቷል። ጎረቤታችን ደብሪቱ ሰላም በዪልኝ ብላለች፤ ስለ አንተ መጠየቅ አትተውም፣ እኔም መዋሸት አልተውሁም።

ፊደሉ ተንጋዶ ብታይ ማን ጻፈው ብለህ አትደንግጥ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ነበሩ፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ያሳምሩታል። የዛሬውን ግን በሰው ጆሮ አሳልፌ ልልክልህ አፈርሁ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኋት ፊደል ለእንዲህ ያለው ቀን ትሁነኝ ብዬ ራሴ ይዤዋለሁ። አልነበብ ያለችህን በግምት እለፋት። የሚያመጣልህም ጋሻዬ ነው፣ ያ ባሳደርኸኝ ሆቴል በር ላይ ቁልፍ የሚሰጠው የብልባላ ልጅ። ለአጎቱ ተዝካር መጥቶ ነበር፤ ሰኞ ይመለሳል። በእጅ የሚሄድ ቢሆንም መንገዱ ፍተሻ አያጣውም፣ ስለዚህ አንዳንዱን ነገር ጠቅሼ አልፈዋለሁ፤ አንተ ልጄ ነህና ይገባሃል።

ቅሬታዬን ላስቀድም። እሱ ሲያልቅ ሀፍረቴ ይመጣል።

ከዚህ ስነሳ ለማን ያልነገርሁት ነበረ? ምራቴ ብርቅዬ ልትወልድልኝ ነው፣ ሄጄ ላርሳት ነው፣ ገንፎዋን በእጄ ላገነፋላት ነው እያልሁ ከቤተ ማርያም ደጅ እስከ ገበያው አወራሁ። የገንፎ እህሌን አስፈጨሁ፣ ቅቤዬን አነጠርሁ፣ ነጩን ማር በትልቁ ቅል ሞልቼ አፉን በሰም ደፈንሁ። እስከ ወልዲያ በጭነት መኪና እየተንገጫገጭሁ ቅሏን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው የወረድሁት። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ስደርስ ጉልበቴን ሳምኸው፣ ጭነቴን ተሸከምህ። ከዚያ ወደ ቤትህ ትወስደኛለህ ብዬ ስጠብቅ ወደዚያ ሆቴል ይዘኸኝ ገባህ። ብርቅዬ ልትወልድ እናቷ ዘንድ ደሴ ሄዳለች፣ ቤቱም ለእንግዳ አይመችም፣ እዚህ አዲስ ታድሷል፣ ይመችሻል አልኸኝ። ደሴን እኮ አልፌው ነው የመጣሁት! ቅሌን ታቅፌ በደጇ አልፌ!

ዘመድ ያለው ሰው በአገራችን ሆቴል ያድራል ወይ? እንኳን የወለደች እናት፣ መሽቶበት "የእግዜር እንግዳ" ብሎ የሚጣራ መንገደኛም መደብ ይለቀቅለታል፣ እግሩ ይታጠብለታል።  ውስጤ ያን ዕለት ቂም ያዘ።

የዚያ ሆቴል ነገር ደግሞ ምኑ ይነገራል። ታድሷል ታድሷል ይላሉ፤ የታደሰው ለዓይን ነው። ከበሩ ጀምሮ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። እኔ እንዲህ ያለ ምንጣፍ የማውቀው በመቅደስ ነውና ጫማዬን ከደጁ አውልቄ ገባሁ። ስመለስ የለም፤ አንዱ ጠራጊ የተጣለ መስሎት አንስቶታል። ጋሻዬ ፈልጎ እስኪያመጣልኝ ድረስ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል በባዶ እግሬ ቆሜ ነበር። ሊፍት የሚሉት አዲስ ነገር በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ፊደል ቆጥሬ በአዲስ አበባ መጀመሪያ ያነበብሁት ቃል "አይሠራም" የሚል ሆነ። የሰጣችሁኝ ክፍል ከላይ፣ ሰው ገና ካልገባበት ወገን ነበር። መስኮቱን ከነፍሬሙ ቀለም ቀብተው አድርቀውት አልከፈት አለኝ፤ የቀለሙ ሽታ ራሴን ሲያዞረው ዋለ። አልጋው ስጋደምበት ዋጠኝ፣ ጋቢዬን ዘርግቼ ከወለሉ ላይ ተኛሁ። ቧንቧው ሲከፍቱት ይስላል እንጂ ውሃ አይሰጥም።

ምግቡን ግን በራሴ ነው ያጠፋሁት። ነጭ ኮት የለበሰው አስተናጋጅ መጥቶ ምን ልታዘዝ አለኝ። እኔም እንደ ደንቡ፣ ግድ የለም ልጄ፣ ጠግቤአለሁ አልሁት። ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ይላል እንዴ? አንድ ሁለቴ እስኪለምነኝ፣ በሞቴ እስኪለኝ ጠበቅሁ። እሱ እሺ ብሎ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ፤ ሲጠይቀኝ ጠግቤአለሁ፣ ሲሄድ በዓይኔ ሳህኑን ስከተል። በዚያ ቤት በሞቴ የሚል ሰው የለም። አንተም ጠዋት ጠዋት ብቅ ትልና በልተሻል ወይ ስትለኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው፣ በልቻለሁ እልሃለሁ። ያች ሸሚዝህ ሦስቱንም ቀን አንድ ናት፤ ሚስትህ ሄዳ ሸሚዝ እንኳ የሚያጥብልህ ጠፋ ወይ ብዬ ተናገርሁህ። ስቀህ አለፍኸው። እኔም ያን በብርቅዬ ላይ ቆጠርሁት።

ከዚያ ያ የቧንቧ ነገር መጣ። ውሃ የለም ብዬ እንደ ከፈትሁት ትቼው ወርጄ፣ ከደጁ ፀሐይ ስሞቅ ዋልሁ። ምንጭ እንጂ ቧንቧ የት አውቄ? ውሃው ለካ ሲፈልግ ይመጣል። ሲመጣ መታጠቢያውን ሞልቶ፣ ወለሉን ሞልቶ፣ በታች ባሉት ፈረንጆች ጣራ ላይ ወረደ። አዲሱ ቀለም እንደ እንጀራ ሊጥ ተንጠልጥሎ አየሁት። የሆቴሉ ኃላፊ በመመገቢያው አዳራሽ መካከል አንተን አቁሞ ሲናገርህ፣ አንተም አንገትህን ደፍተህ ስትሰማ፣ እኔ ከአምዱ አጠገብ ነበርሁ። ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ያየኝ ነበር።

ልጄ፣ ያን ጊዜ አንገትህን ስትደፋ በእኔ ያፈርህ መሰለኝ። ባላገር እናት ስላለችህ፣ ለዚህ ነው ከቤትህ ያራቅኸኝ አልሁ በልቤ። ኃላፊው ከሄደ በኋላ መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥህ፤ ያ አስተናጋጅ የማያውቀውን አንተ አወቅህ። ከፊታችን ከነበረው ሳህን ቆርሰህ ወደ አፌ ዘረጋህና፣

"በሞቴ፣ እምዬ፣ አንዲት ጉርሻ" አልኸኝ።

እጅህን ገፋሁት። ጉርሻውም በዚያ በተወለወለ ወለል ላይ ወደቀ። ከዚያ ያልሁህን አንተም አትረሳው፣ እኔም አልረሳሁት፤ ካልጻፍሁት ምን ልጽፍ ነው የተቀመጥሁት?

"አንተማ ከሞትህብኝ ቆይተሃል" አልሁህ።

በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድሁ። ለመንገድሽ ብለህ በጨርቅ ጠቅልለህ የሰጠኸኝን ዳቦ ከወንበሩ ላይ ትቼው ተነሳሁ። እህሉን፣ ቅቤውንና ማሩን ጋሻዬ ፊት አስቀምጬ፣ ለሚፈልገው ስጠው አልሁት። ደሴ ስደርስ ወርጄ ብርቅዬን በእናቷ ፊት ልጠይቃት ከልቤ ነበር፤ ኩራቴ ከለከለኝ። አገሬ ገብቼ ሰው ሲጠይቀኝ ግን ቤቱ ሰፊ ነው፣ ምራቴም እግሬን አጠበችኝ አልሁ። ስለ ሀብትህ ሳልጠየቅ ጨመርሁበት። ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሰንበትም ውሸቱን ተናዝዣለሁ፤ እርግማኑን ግን አልተናዘዝሁም ነበር። በደለኛ መሆኔን ገና አላወቅሁማ።

ትናንት ጋሻዬ ከብልባላ በእግሩ መጣ። በእጁ ያን ቅል ይዟል፣ ያን የጨርቅ ጥቅል ይዟል። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነገረኝ። አትናገር ብለኸው እንደነበር አውቃለሁ፤ አትቆጣው፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅሁት። እኔ ስለ አንተ ክፉ ስናገር መስማት አልችል ብሎ ነው አፉን የከፈተው።

ስለ ቤትህ በር ነገረኝ። ታሽጎ ቀይ ሰም ከተመታበት ከገና በፊት ጀምሮ ሰው እንዳልገባበት ነገረኝ። ብርቅዬ ያለችው ደሴ አለመሆኑን፣ ያለችበት ቤት ስንቅ ከበሩ የሚቀበሉበት፣ ሰው ግን የማያሳዩበት መሆኑን ነገረኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ በዚህ ዘመን ለምን ብሎ የጠየቀ መልስ ሲያገኝ አላየሁም። ያን ክፍል በጓደኝነት ለምነህ እንዳገኘኸው፣ ኃላፊው የተቆጣውም ባልተከፈተ ክፍል ሰው በማስገባትህ እንደሆነ፣ አንተ ደግሞ እኔ ከላይ በአልጋው ሳማርር ከታች ከአንሶላው ማጠቢያ ክፍል በታጠበ ክምር ላይ ታድር እንደነበር ነገረኝ። ጠዋት ጠዋት ፊትህን ታጥበህ፣ ፀጉርህን አበጥረህ፣ ከቤቱ እንደመጣ ሰው ደረጃውን ወጥተህ ትጠይቀኝ ነበር። ሸሚዝህ አንድ የሆነው ሌሎቹ ከሰሙ ወዲያ ስለቀሩ ነው።

ልጄ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንተ ሸክምህን ከእኔ ስትሸሽግ እኔ የራሴን ጨመርሁብህ። አንገትህን የደፋኸው በእኔ አፍረህ ሳይሆን ስለ እኔ እንደ ነበር አሁን ነው የገባኝ። ብርቅዬንም በልቤ የሰደብሁትን ስድብ አንድ በአንድ እያነሳሁ ስመልስ አደርሁ። ጋሻዬ እንዳለው ከሄድሁ ወዲህ በሆቴሉም አታድርም፤ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለህ አሉ። ይህ ደብዳቤ ያገኝህ አያገኝህ እሱን ባለቤቱ ያውቃል።

ጥቅሉን ፈታሁት። ያ ዳቦ ነው። ሌላ የምልክላት የለኝም ብለህ እንደሰጠኸው ነገረኝ። ድንጋይ ሆኗል። ጋሻዬ ፊት በጣሳ ውሃ አርሼ አንዲት ፍርፋሪ ሳላስቀር በላሁት። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ዳቦው ቅቤ ይንካው አይንካው አልጠየቅሁም። ዘግይቼም ቢሆን በልቼልሃለሁ።

አሁን የቅሉን ነገር ስማኝ፣ ልብ ብለህ ስማኝ። እኔ በንዴት የጣልሁትን እህልና ማር አንተ አንስተህ ወደዚያ በር መላክህን ጋሻዬ ነግሮኛል። ቅሉ ታጥቦ ተመለሰ አሉ፤ ከውስጡም ከነጠላ መቋጫ የተመዘዘች ክር ብቻ ተገኘች። አንተም አየሃት፣ እሱም አያት፣ ቆሻሻ መስሏችሁ መልሳችሁ ከተታችኋት። ወንዶች ምን ታውቃላችሁ! የወሎ ሴት የሰው ዕቃ ባዶውን ትመልሳለች እንዴ? ክሯን ወደ ብርሃን አውጥቼ አየኋት። ብርቅዬ ሦስት ቦታ ቋጥራታለች፣ አጥብቃ፣ በጥርሷ ጭምር።

ጋሻዬን ደጅ አስወጥቼ፣ ከቤቴ መካከል ቆሜ ሦስት ጊዜ እልል አልሁ። ሰባት አላልሁም፣ ሦስት ነው ያልሁት። አንተ ስትወለድ ሰባት ጊዜ እንደተባለልህ አባትህ ሲያወራ ሰምተሃልና ልዩነቱን ታውቀዋለህ። ደብሪቱ ምን ተገኘ ብላ እየሮጠች ስትመጣ ለኪዳነ ምሕረት ድምፄን እየሞከርሁ ነው አልኋት። ይህ ደግሞ ሌላ ውሸት ነው፤ ይህንን ግን አልናዘዝም።

ሌላ ቅል ማር ከጋሻዬ ጋር ልኬአለሁ፤ ወደዚያው በር ይሂድ። አፉን ያሰርሁበትን ክር እንዳትፈታው፣ እሷ ትፍታው። እኔም የምላት ነገር አለኝ።

አንተን የምለምንህ አንድ ነው። ያን ቀን ከአፌ የወጣውን ቃል መሬት ይብላው፤ አባ ወልደ ሰንበት ዛሬ ጠዋት ሰምተውኝ አልቅሰዋል። ደህና ነኝ የምትል አንዲት መስመር ጻፍልኝ፤ ካልተቻለህ በባዶ ወረቀት ላይ ጣትህን አትመህ ላክልኝ። የምታድርበት ስትደርስ እህል ሲያቀርቡልህ እንደ እናትህ ጠግቤአለሁ አትበል፤ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ በል። ብላ ልጄ። በሞቴ ብላ። በሞቴ ኑርልኝ።

የነአኩቶ ለአብ አምላክ በመውጣት በመግባትህ ይከተልህ። ያ ሰም የተመታበት በር ተከፍቶ ሦስታችሁንም በአንድ ጣራ ሥር ያኑራችሁ። ያን ጊዜ እመጣለሁ፤ ከወለሉም ቢሆን እተኛለሁ።

እጅህን የገፋችው እናትህ