ያልደረሰህ መረቅ

ለባለቤቴ ለጌታሁን፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው የሙቀት ወራት ገባ። አንተ ካለህበት ሙቀት ይኑር አይኑር አላውቅም። አሰብ ግን ያው ናት፤ ነፋሱ አሸዋ እየጫነ ይመጣል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ከረፋድ ጀምሮ ይንጫጫል።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ትገረም ይሆናል። አንተ ሥራ ስትውል ዳዊትህን እየገለጥኩ፣ በቃሌ የማውቀውን ጸሎት ከፊደሉ ጋር እያስተያየሁ ብቻዬን ማንበብና መጻፍ ለመድኩ። አንድ ቀን አንብቤለት አስደንቀዋለሁ ስል ሳልነግርህ ቀረሁ። ያልነገርኩህ ይህን ብቻ ቢሆን ደብዳቤም ባልጻፍኩ።

አስቀድሜ ስለ ቤቱ። ትጽፍበት በነበረው ክፍል አሁን ከጎንደር የተመደበች አስተማሪ ትኖራለች፤ ጠረጴዛህን ለእሷ ለቀቅሁላት። ካፖርትህን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰጠሁት። በዚህ አገር ካፖርት ምን እንደሚያደርግለት እንጃ፣ ግን አያወልቀውም። ከደጃችን እስከ ወደቡ ባለው መንገድ ምግብ ቤት በዝቷል፤ ጣሊያኑ ትቶት የሄደው ጋራዥ እንኳ ፓስታ ቤት ሆኗል። የሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ ሚስቱን አገር ቤት ትቶ ስለሚመጣ ከውጭ ይበላል። የሰይድ ቤት ግን እዚያው ነው፣ በሩም ያው አረንጓዴ ነው።

እዚያ መብላት እንዴት ትወድ ነበር! ሰይድ ከወሎ ሲመጣ ዓሣ አይቶ እንኳ አያውቅም ነበር አሉ፤ አሁን ግን ለሁለት ሰንጥቆ፣ በርበሬ ቀብቶ፣ በሸክላው ምድጃ ጠብሶ ሲያወጣው ሽታው እኛ ቤት ይደርሳል። ሥጋውን አትነካበትም ነበር፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ እሱም የኛን አይበላም። ዓሣ ግን አይታረድምና ለሁለታችሁም አንድ ነበር። “ይህ ባሕር ባይኖር ኖሮ እኔና አንተ በምን እንገናኝ ነበር?” ይልህ ነበር። አንተም ይህን እኔ ፊት ስትደግመው ከልብህ ትስቅ ነበር።

እኔ ሰው ፊት አፍ መክፈት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እጄን ይዘህ አስገባኸኝ። ወንዶች ብቻ በሞሉበት ቤት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተቀመጥኩ። “አስካለ፣ ዓሣው እንዳያውቅሽ ነው የምትሸፈኚው?” አልከኝ። አጠገባችን የነበሩት የወደብ ተሸካሚዎች ሳቁ። ሰይድ አልሳቀም፤ ጆንያ አምጥቶ በእኔና በእነሱ መካከል ሰቀለልኝ። እኔ ግን ሳህኑን ሳልነካ ተነስቼ ወጣሁ። አንተም ያንተን ትተህ ተከተልከኝ፣ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገርክም። ያን ቀን በሰይድ ቀናሁ። እኔ ጋ ዝም የምትለው ሰውዬ እሱ ጋ ወሬኛ ነበርክ።

ከዚያ ታመምክ። አጥሚቱም ሾርባውም አልወርድልህ አለ፤ ከእጄ አንድ ማንኪያ ወስደህ ፊትህን ታዞራለህ። በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። “ሰይድ አልመጣም?”

“አልመጣም” አልኩህ።

መጥቶ ነበር፣ ጌታሁን። ሰኞ መጣ፣ ማክሰኞ መጣ፣ ሐሙስም መጣ። ክዳን ባለው ጣሳ መረቅ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ተኝቷል፣ ሐኪሙም ሰው አይግባ ብሏል አልኩት። አንተ እንዳትነቃ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እንዴት አደረ?” ይለኝ ነበር፤ አንተ ከግድግዳው ወዲያ ዓይንህን ገልጠህ ተኝተሃል። ጣሳውን ተቀብዬ ወደ ጓሮ ሄጄ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ አሸዋው ላይ ደፋሁት። ሦስቱንም ቀን። ጣሳውን አጥቤ “ጠጥቶታል፣ እግዜር ይስጥልኝ” እያልኩ መለስኩለት። የፍየል መረቅ ነው፣ የእስላም ሥጋ ነው፣ ባለቤቴን ሳያውቅ ሃይማኖቱን አላስጥሰውም አልኩ ለራሴ። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። መጠየቅ ቀላል ነበር። ያልጠየቅሁት ከእጄ ያልወረደልህ ከእሱ እጅ እንዳይወርድልህ ፈርቼ ነው።

ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ “አልመጣም” ስልህ “ይሁን፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል” አልክ። ወደ ግድግዳው ዞርክ። በማግሥቱ አረፍክ።

ከዚያ ወዲህ በሰይድ በር ላለማለፍ በኋላ መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር። ባለፈው ወር የኋላው መንገድ ተቆፍሮ በሰይድ በር ሳልፍ ሮጦ ወጣ። “እትዬ አስካለ፣ ምን በደልኩ? ሰላምታ እንኳ ይከለክሉኛል?” አለኝ። ከዚያ፣ እኔ ምንም ሳልል፣ እንዲህ አለ፦ “እኔ ጌታሁንን ሳስብ የሚያጽናናኝ ያ የዓሣ መረቅ ነው። ወላሂ፣ እርስዎ እንዳይጠራጠሩ ብዬ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ነበር ያወጣሁለት።”

ዓሣ ነበር።

እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላስታውስም። ከሳምንት በኋላ ግን በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰይድ ደስ ብሎት ዳቦ አቀረበ፣ ሊታዘዘኝ ጎንበስ አለ። መረቁን ደፋሁት አልኩት። አንዱንም አልቀመሰም፣ “ሰይድ አልመጣም” እያልኩት ሞተ አልኩት። በያዘው ጨርቅ ጠረጴዛውን ይጠርግ ጀመር፤ አንዱን ቦታ፣ ደጋግሞ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ “ለኔ ነገሩኝ። ለእሱስ ማን ይነግረዋል?” አለና ወደ ጓዳው ገባ። ተመልሶም አልወጣም።

ስለዚህ እኔ እነግርሃለሁ። ወዳጅህ አልረሳህም ነበር። ጥሩ መረቅ ነበር፣ ለአንተ ተብሎ የተሠራ። ቢደርስህ ትድን ነበር ለማለት አልደፍርም። ብቻ ደስ ብሎህ ትሄድ ነበር።

ሰዎች ሟችን በደህናው ቀኑ አስቡት ይላሉ። ደህናው ቀንህ፣ ሳቅህ፣ ወሬህ፣ ለሰይድ ይሁን፤ እሱ በማጀት ያስብህ። ሐሙስን ግን ከእኔ ጋር የሚካፈለው የለም። በሕይወት እስካለሁ፣ ሐሙስህን ሳልረሳ የምይዘው እኔ ነኝ።

ባለቤትህ አስካለ