የሰብሌ ኮርቻ

አርብ፣ ኅዳር 5 ቀን 1979
የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ዛሬም ካኪ ሱሪ ብቻ ነው ያሰፋን። ከሥራ ስወጣ ኅብረት ሱቅ ስኳር መጥቷል ተባለና ተሰለፍን። ጎረቤቴ እሙ ከፊቴ ነበረች፤ እሷ ጋ ሲደርስ አለቀ። ሳቅን። ሌላ ምን እናደርጋለን? በየነ ከጋራዥ ቀድሞኝ ገብቶ ድንች ቀቅሎ ጠበቀኝ። ጥሩ ባል ነው... አንዳንዴ።

እሑድ፣ ኅዳር 7
ጠዋት አንዲት ልጅ ብስክሌት ይዛ ደጃችን ቆመች። ሰብሌ ትባላለች። ጫማ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ለፋብሪካው የሴቶች ቡድን ትወዳደራለች። አዲስ የውድድር ብስክሌት ሰጥተዋታል። ሰማያዊ፣ የጣሊያን፣ የተጠቀለለበት ወረቀት እንኳ ገና ተልጦ ያላለቀ። ለወንድ የተሠራ ስለሆነ አልመቻትም። "ጋሽ በየነ ያስተካክሉልሻል ብለውኝ ነው" አለች።

በየነ ድሮ ተወዳዳሪ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ የሰፈሩን ብስክሌት ይጠግናል። እንዲህ ያለ ብስክሌት ግን ደጃችን መጥቶ አያውቅም። ፊቱ በራ... ለብስክሌቱ ነው ወይስ ለልጅቷ?

እግሯን ለካ። በእኔ ሜትር። እሺ፣ ሜትሩን ራሷ ያዘችው፣ እሱ ቁጥሩን ብቻ አነበበ። ቢሆንም። ኮርቻውን ዝቅ፣ መሪውን ወደ እሷ ቀረብ አደረገላት። "እጅሽ ይደነዝዛል? አንገትሽስ? ትከሻሽን ያዝ ያደርግሻል?" አንድ አጥንት ሳያስቀር ጠየቃት። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እኔን እንዲህ ጠይቆኝ ያውቃል? ራሴን ሲያመኝ "ተኚ" ነው የሚለኝ።

እኔን ደግሞ "እትዬ ወለተ፣ እርስዎ" ትለኛለች። የምበልጣት ቢበዛ አሥር ዓመት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ተመልሳ መጣች። አሁንም አልተስማማትም። "ምኑ ነው?" ይላታል። "እንጃ... ብቻ..." አንገቷን ትደፋለች። ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? በየነ መሪውን የአንድ ጣት ያህል ከፍ አደረገላት። ስትሄድ ብስክሌቱ ላይ አልወጣችም፣ እየገፋች ሄደች። ቶሎ ላለመራቅ ነዋ።

እሑድ፣ ኅዳር 14
እሙ በአጥር ብቅ ብላ "ያቺ ልጅ የምትመላለሰው ብስክሌቷን ልታሠራ ነው ወይስ ባልሽን ልታይ?" አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን አንድ ቁልፍ መትከል አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
በየነን ጉንፋን ጥሎት ከሥራ ቀረ። ምሳ ሰዓት ሾርባ ልሠራለት መጣሁ። በር ተንኳኳ። እሷ ናት።

"እትዬ ወለተ፣ ጋሽ በየነ አሉ እንዴ?"

ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል። "የለም፣ ሥራ ሄዷል" አልኳት። ዓይኔን እንኳ አላሸሁም። አልሄደችም። "እኔ እኮ..." ብላ ጀመረች። "ሲመጣ እነግረዋለሁ" ብዬ በሩን ዘጋሁት።

"ማነው?" አለ በየነ ከውስጥ።

"ማንም አይደለም።"

ደስ አለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል።

እሑድ፣ ኅዳር 21
የጽዮን ዕለት። ቅዳሴው ጆሮዬ አልገባ አለ። ልጅቷ አልመጣችም። በየነ "ምነው ቀረች?" አለና በሩን ከፍቶ ወደ መንገዱ አየ። ሁለቴ። ቆጥሬበታለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 28
እንዴት ብዬ ልጻፈው...

በየነ ለቀበሌ ስብሰባ እንደወጣ መጣች። ብስክሌቷን እየገፋች። እሱ የለም አልኳት፣ አሁን እንኳ እውነቴን። "አውቃለሁ፣ ሲወጡ አይቻለሁ" አለች። ወንበር ሰጠኋት። አልተቀመጠችም። "አረፍ በይ እንጂ" ስላት ጥርሷን ነክሳ ጫፉ ላይ በአንድ ጎኗ አረፈች። ያን ጊዜ ገባኝ። ዕድሜዬን ሱሪ ስሰፋ የኖርኩ ሴት፣ እስካሁን እንዴት አልገባኝም?

"የት ነው የሚያምሽ?"

አለቀሰች። ኮርቻው ነው። ጠባብ፣ ድርቅ ያለ፣ የወንድ። ቆስላለች። ልምምድ ላይ ከኮርቻው ተነስታ ቆማ ነው የምትነዳው። ታኅሣሥ 12 እስከ ሆለታ ደርሶ መልስ ውድድር አለ። አሠልጣኙ ካልቻልሽ ብስክሌቱን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏታል።

"ለጋሽ በየነ ምን ብዬ ልንገራቸው? ያን ረቡዕ የመጣሁት ለእርስዎ ልነግር ነበር። እሳቸው አሉ ወይ ያልኩት እንዳይሰሙኝ ብዬ ነው።"

"ውስጥ ነበር። ዋሽቼሽ ነው" አልኳት።

"ድምፃቸውን ሰምቻለሁ። እንደማይወዱኝ ያን ቀን ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ተመለስሽ?"

"ሌላ የማውቃት ልብስ ሰፊ የለችም።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30
ሰብሌ ከብስክሌቷ ጋር ትታልኝ የሄደችውን የውድድር ቁምጣ ፈታሁት። አራቱ ስፌቶች የሚገናኙት ልክ እዚያ ላይ ነው፣ እንደ ገመድ ተቋጥረው። ስፌቱን ወደ ጎን አዞርኩት፣ ከውስጥ ለስላሳ የበግ ቆዳ አስገባሁ።

በየነን "ኮርቻውን በሰፊ ለውጠው፣ የፊት ሹል ጫፉንም ትንሽ ዝቅ አድርገው" አልኩት።

"ለምን?"

"አድርገው።"

"ይከብዳል እኮ፣ ፍጥነቷን ይቀንስባታል።"

"በየነ፣ አድርገው።"

ከአንድ አሮጌ የሴት ብስክሌት ፈትቶ ገጠመላት። እያጉረመረመ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4
ቁስሉ እየደረቀ ነው። ቡራዩ ድረስ ተቀምጣ ሄዳ ተመለሰች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12
ሳንሱሲ መንገድ ዳር ቆምን፣ እኔ፣ በየነና እሙ። ከሆለታ ሲመለሱ ከሩቅ ለየኋት። እሙ "የትኛዋ ናት?" አለች። "ሰማያዊው ላይ ያለችው" አልኳት። አራተኛ ወጣች። ለአራተኛ ሽልማት የለም። ብስክሌቱ ግን የእሷ ሆኖ ይቆያል፣ አሠልጣኙ ራሱ ነግሯታል።

ስታልፍ እጇን አነሳችልን። ለእኔ ይሁን ለበየነ አላወቅሁም... ይኸው፣ ደግሞ ጀመረኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19
ሰብሌ ሦስት የቡድኗን ልጆች አስከትላ መጣች። ሁሉም ቁምጣቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። በየነ መፍቻውን አንስቶ ብድግ አለ። "ዛሬ እርስዎን አይደለም፣ ጋሼ" አለችው። ጓዳ ገባን። ያወራነውን እዚህም ቢሆን አልጽፈውም። እንደዚያ ከሳቅሁ ስንት ዓመቴ ነው?

ስንወጣ በየነ እዚያው ቆሟል፣ ምንም የማይፈታበትን መፍቻ ይዞ።

ራት ላይ "ምን ነበር የምታወሩት?" አለኝ።

"ስለ ስፌት።"

"ሁለት ሰዓት ሙሉ?"

ወጥ ጨመርኩለት።

"ስለ እኔ ያነሳችው ነገር አለ?"

"የለም።" እውነቴን ነው፣ ስሙን እንኳ አልጠራችም። አላመነኝም። የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። ነገም ይጠይቀኛል፣ አውቀዋለሁ።

ይጠይቅ።