ሐሙስ ሐሙስ ስለምንከፍታቸው ዓይኖች፣ ለማከማቻ መሣሪያ ገምጋሚው ኮሚቴ

ለተከበሩ የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ ግምገማና መረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የማከማቻ መሣሪያዎች ኤግዚቢሽን ሊጎበኙ የሄዱበት ቦታ አየሩ ተስማማዎት ወይ? ብርድ እንዳይነካዎ ከሻጮቹ የተበረከተልዎትን ጃኬት ደርበው መሄድዎን ከጸሐፊዎ ሰምተን እፎይ ብለናል። እኛ እዚህ በጣም ደህና ነን። ሰርቨሩ ሞልቶ ትንፋሽ ከማጠሩ በቀር ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች ምሳ ክፍል፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ ይዤው ወጥቼ ነበር፤ በሩ ተቆልፏል። ጸሐፊዎም የሚመለሱት በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑን፣ እስከዚያው የሚወክልዎ ሰው አለመሰየሙን በትሕትና ነገረችኝ። ፊርማዎን ይዘውት ስለሄዱ አቤቱታዬን ለግድግዳ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። ግድግዳው እስካሁን በጥሞና እያዳመጠኝ ነው።

እኔ ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ፤ አይፈረድብዎትም። በዚህ የዓይን ሕክምና ድርጅት ምድር ቤት፣ ከሊፍቱ ጎን ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ የዓይንን ጀርባ ፎቶ የሚያነሱት ሰዎች ኃላፊ ነኝ። ታካሚው አገጩን መደገፊያው ላይ ያሳርፋል፣ ግንባሩን ያስጠጋል፣ የሥራ ባልደረባዬ «ቀስ፣ አይርገብገቡ» ትለዋለች (ከዚህ የተነሳ ሕንፃው ሁሉ እትዬ ቀስ ነው የሚላት)፣ ብልጭ ይላል፣ አለቀ። ችግሩ፣ የዛሬ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ነርቡ እየሳሳ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሐኪሟ ያምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርጋ ስታይ ነው። ስለዚህ ማንሳቱ የሥራችን ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማስቀመጥ ነው። እሱ ደግሞ በኮሚቴዎ እጅ ነው፤ እጃችሁ ይባረክ።

ቅሬታ አለኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። ያሉኝ ምስጋናዎች ናቸው፤ እንዳይምታቱብኝ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ልብሱ። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ማከማቻ የሚሸጡ ድርጅቶች አንዱ ሲወጣ አንዱ እየገባ ማብራሪያ ሰጥተዋል። ማብራሪያውን የመስማት ዕድል ባይገጥመንም ውጤቱን በዓይናችን አይተናል፤ ከአባላቱ ግማሾቹ ሰማያዊ፣ ግማሾቹ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሰው ምሳ ክፍል ሲገቡ፣ ጨዋታው በስንት ሰዓት ነው ብለን የጠየቅን ሞኞች ነበርን። ኋላ እንደተረዳነው ሰማያዊዎቹ የሰማያዊውን ድርጅት መሣሪያ፣ ብርቱካናማዎቹ የብርቱካናማውን የሚደግፉ ናቸው። የሂሳብ ክፍሉ ተወካይ ብቻ ጃንጥላ ስለደረሳቸው እስከ ዛሬ ድምፀ ተአቅቦ ላይ ይገኛሉ። ለዚህ ነፃና ገለልተኛ ግምገማ ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል አጣሁ። ምድር ቤቱ ስለሚበርድ፣ ምናልባት አንድ ጃኬት ከተረፈ ለእትዬ ቀስ ቢታሰብላት ቀለሙን አትመርጥም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሙከራው። አምና ሰማያዊው መሣሪያ ለሙከራ መጥቶ የሰርቨር ክፍሉ በር ስለጠበበው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጥ፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር፣ አባላቱ በየተራ አጠገቡ እየቆሙ ፎቶ ተነሱ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ግን ስንት እንደሚይዝ መፈተን ነበረበትና፣ ኮሚቴው የእኛን ክፍል ፎቶዎች ከመጠየቅ ይልቅ የራሱን የቡድን ፎቶ፣ ያንን እርስዎ መሃል ላይ እጅዎን አጣጥፈው የቆሙበትን፣ ደግሞ ደጋግሞ ሲገለብጥበት ዋለ። መሣሪያው አልሞላም። በማግስቱም ሲገለብጥበት ዋለ። ወይ ፍንክች! በሪፖርቱም «መሣሪያው አይሞላም» ተብሎ ተጻፈ፤ ተጨበጨበ፤ ለስላሳም ተጠጣ።

ነገሩ የገባኝ የሻጩ ድርጅት ባለሙያ ምሳ ክፍል ከፊቴ ተቀምጦ ሳቁን መዋጥ አቅቶት ሲነግረኝ ነው። መሣሪያው ለካ ብልህ ነው፤ አንድ ዓይነት ነገር ደጋግመው ሲሰጡት አንዱን ብቻ ያስቀምጥና ለቀሩት «ይሄ እኮ ያው ነው» የሚል ምልክት አድርጎ ያልፋል። ማለትም ክቡርነትዎ ሁለት ቀን ሙሉ የለፉት አንድ ፎቶ ለማስቀመጥ ነው። ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም ብዬ ብጠይቀው፣ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ እንዴት ብዬ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ የዓይን ጀርባ ግን ያው አይደለም። ከሰው ሰው ይለያል፤ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ እንኳን አይመሳሰልም። እኛ ዘንድ የሚነሳው እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይፈልጋል። መሣሪያው ግን እስከ ዛሬ ያችን አንድ ፎቶ ይዞ አዳራሹ ጥግ ቆሟል፤ አሁን ወንበር ይደገፍበታል።

ሦስተኛውን ለጊዜው ልዝለለው። ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ደብዳቤው ደግሞ የትሕትና ደብዳቤ ነው።

አራተኛ፤ ስለ መመሪያው። ግምገማው ተጠናቆ መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ ሰርቨሩ እንዳይጨናነቅ በማሰብ «ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ ፋይል ዓርብ ዓርብ ይሰረዝ» የሚል መመሪያ በፊርማዎ አውጥተዋል። በፍላሽ መገልበጥም ቀደም ብሎ በሌላ መመሪያዎ ተከልክሏል። ግሩም ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አምልጣዎታለች፤ የእኛ ታካሚዎች ቀጠሯቸው በዓመት አንዴ ነው። ታካሚው ዓመቱን ጠብቆ ሲመጣ ፎቶው ዓመቱን ጠብቆ ይሄዳል፤ በር ላይ ይተላለፋሉ ማለት ነው። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ እንዲህ መጥታ ያምናዋ ፎቶ ስለጠፋ፣ ሐኪሟ ዛሬን መነሻ እናድርግና ከዓመት በኋላ እንየው ብላ መለሰቻት። እሷም እሺ ብላ፣ አመስግና፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። እኔ ግን ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይህን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ካሜራችንን አጥፍተን ለዓርብ የተሰለፉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ መክፈት የጀመርነው። የተከፈተ ፋይል አይሰረዝማ! እትዬ ቀስ ስትከፍት ዝም ብላ አትከፍትም፤ «እንዴት ሰነበቱ እማማ፣ አሉ አይደል? በሉ ለከርሞ ያድርሰን» ብላ ስም እየጠራች ትዘጋቸዋለች። የመነጽር ክፍሎቹ፣ የመድኃኒት ክፍሎቹ፣ ሥራ ሲቀልላቸው እየወረዱ ያግዙን ጀመር። እንዲያው ሐሙስ ሲደርስ ቤተ ዘመድ የምንጠይቅ ነበር የሚመስለን።

አምስተኛ፤ ይህ ጆሮዎ ደርሶ፣ ባለፈው ሳምንት ሻንጣዎን ከመዝጋትዎ በፊት ያወጡት ማስታወሻ። «ለመሰረዝ የደረሰ ማንኛውም ፋይል፣ ባለቤቱ በአካል ካልቀረበ ወይም የሰብሳቢው ፊርማ ካልተገኘ በቀር እንዳይከፈት» ይላል። ቋንቋው ያምራል። የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ፋይሎቹን ቆለፏቸው፤ ሰውየው የታዘዙትን ነው የፈጸሙት፣ ምን ያድርጉ። ፊርማዎ እንግዲህ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። የቀረን «በአካል» የምትለዋ ቃል ብቻ ሆነች።

እኛም ቃሏን አክብረን ከትናንት ጀምሮ ስልክ ስንደውል ዋልን። ነገ ዓርብ ፎቶው የሚሰረዝ ሁሉ ዛሬ ሐሙስ በአካል እንዲቀርብ ለመንን። ይኸው ኮሪደሩ ጢም ብሏል። የአውቶቡስ ሹፌሩ ከነዩኒፎርሙ መጥቷል። ሁለት እህትማማቾች የተጠራሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ እየተባባሉ ናቸው። እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ፊት ይቆማል፣ ስሙን ይናገራል፣ ፎቶው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ተመስገን ብሎ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ለዚህ ብቻ ነው ወይ ከቤቴ ያስወጣችሁኝ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አዎ አባቴ፣ ዓይንዎ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው አልኳቸው። እኔ መች ጠፋኝ ብለው በከዘራቸው ወለሉን መቱት።

እስካሁን ያልመጡት አንድ ሰው ናቸው። ጋሽ መርፌ እንላቸዋለን፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌ ከኮታቸው ክፈፍ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። የዓይን ግፊት አለባቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ሥራቸውም ቤታቸውም አብሮ ነው የሚደክመው። ቀጠሯቸው ሰኞ ነው፤ ያምናው ፎቷቸው የሚሰረዘው ነገ ነው። ስልካቸው ይጠራል፣ አያነሱም፤ የስፌት መኪናው ጩኸት ውስጥ ሆነው ምኑን ይስሙት! እትዬ ቀስ አላስችል ብሏት በታክሲ ሱቃቸው ሄዳለች። እኔም እሷን እየጠበቅሁ፣ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው ይህን የምጽፍልዎ።

ሆዴ ስላልቻለ የዘለልኩትን ሦስተኛውን አሁን ልናገረው። የግምገማ መጠይቃችሁን አንብቤዋለሁ። መሣሪያው ምን ያህል ይቀበላል፣ በምን ፍጥነት ይቀበላል፣ ስንት ሰው ባንድ ጊዜ ቢሰጠው ይቀበላል ይላል። የተቀበለውን ይመልሳል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እንዲያው በሞቴ፣ ከሰማያዊም ከብርቱካናማም አንድ ሰው ጠፋ? የሰጡትን የማይመልስ ነገር ማከማቻ አይባልም፤ ጉድጓድ ነው የሚባለው። ይኸው ተናገርኩት፤ ቀለለኝ።

ልመናዬ እንግዲህ አጭር ናት። በሰላም ሲመለሱ መሣሪያ የሚፈትኑ ከሆነ ወደ እኛ ምድር ቤት ይውረዱ፤ የእውነተኛ ሰዎችን ዓይን፣ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰለውን፣ እንስጥዎና ይሙሉበት። ከዚያ የአንዲቱን አስተማሪ ወይም የአንዱን ሰፊ ፎቶ ጠርተው መልስ ይበሉት። ከመለሰ ይግዙት፤ ጃኬት ባይሰጡም ይግዙት።

መንገድዎ ይቅና፤ ሻንጣዎ አይጥፋ፤ የሚጎበኙት መሣሪያ ሁሉ መብራቱ የደመቀ፣ አስጎብኚው አንደበተ ርቱዕ፣ ምሳውም የጣፈጠ ይሁንልዎ። ለውሳኔዎ ካለኝ ወሰን የለሽ ትዕግሥት ጋር፣

ከመመሪያዎ ጥላ ሥር በጨለማ ክፍል የምትሠራ፣
ታዛዥዎ
የዓይን ጀርባ ፎቶ ክፍል ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ደብዳቤውን ለጥፌ ሳልጨርስ ጋሽ መርፌ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ እትዬ ቀስ እየጎተተች አመጣቻቸው። ፎቷቸው ተከፈተ። ከመጡ አይቀር አዲሱንም አነሳናቸውና ሐኪሟ ሁለቱን ጎን ለጎን አየችው፤ የቀኝ ዓይናቸው ነርብ ሳስቷል። መድኃኒታቸው ዛሬውኑ ተቀይሮላቸዋል፤ ዓይናቸው ይተርፋል ብላለች። ያምናው ፎቶ ባይኖር ኖሮ ደህና ነዎት፣ በዓመትዎ ይምጡ ብለን በፈገግታ እንሸኛቸው ነበር። ይህን ሁሉ ሰው በአካል ያስጠራው ማን እንደሆነ ጠይቀውኝ የእርስዎን ማዕረግ ነገርኳቸው፤ የማንም ድርጅት ስም የሌለበት ጃኬት ሊሰፉልዎ ስለፈለጉ ልክዎን ይላኩላቸው።

ሌላም አለ። ነገ ለመሰረዝ ከተሰለፉት ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው በእርስዎ ስም የተመዘገበ አንድ ፎልደር ነው። የአምናዎቹ ስብሰባዎች ሙሉ ቪዲዮ፣ የሙከራው ነጥብ፣ «አይሞላም» የሚለው ሪፖርትና ያ የቡድን ፎቶ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ በማይሞላው መሣሪያ ላይ ሳይሆን በሞላው ሰርቨር ላይ መቀመጣቸው ግርም ብሎናል። ከተቀመጠ ጀምሮ አንድም ሰው ከፍቶት አያውቅም። ሰማያዊዎቹም ብርቱካናማዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ ድምፅ ይከፈትልን እያሉ ሲሯሯጡ ወርደው ነበር፤ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ማስታወሻዎን አሳዩአቸው። ፎልደሩ ነገ ሲሰረዝ ለታካሚዎቻችን ለብዙ ጊዜ የሚበቃ ቦታ ይኖረናል። ለቡድን ፎቶው አይስጉ፤ አዳራሹ ጥግ ያለው መሣሪያ ይዞታል፣ ይመልስልዎ እንደሆነ ይጠይቁት። ለቀረው ግን እኛም እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት በር በሩን እያየን ጠብቀንዎት ነበር፤ ባለቤቱ በአካል አልቀረቡም።