መብረቂት ስትወድቅ የሚሰማው ድምፅ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ ለወይዘሮ ለተገብርኤል፣ ካለሽበት መቐለ፤

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጨጓራሽ ሰላም ሰጥቶሻል ወይ? ጉልበትሽስ የሰፈሩን ዳገት ለመደው? አክስቴ መብርሂት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለ ከዘራ መሄድ ጀመረች? ወንድሜን ሃይለአብን ስጠይቀው ሁሉም ደህና ናቸው ይለኛል። እሱ ግን አንቺ ታመሽ ብትተኚም ደህና ናት ከማለት የማይመለስ ሰው ስለሆነ፣ ከአንቺው ብሰማው ይሻለኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በጣም ናፍቀሽኛል፤ እሱን አስቀድሜ ልበልና ሌላው ይከተል።

ይህን በስልክ ማለት ስላቃተኝ ነው ወደ ወረቀት የመጣሁት። ስደውልልሽ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ብለሽ ስልኩን ለመብርሂት ታቀብያታለሽ። አልፈርድብሽም፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ደግሞም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቂርቆስ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በጸሐፊነት የሠራሽ ሴት፣ የጀመርሽውን ደብዳቤ ሳትጨርሺ እንደማታስቀምጪ አውቃለሁ። ስህተት ካገኘሽ በቀይ እስክሪብቶ አርሚው፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ያለ አንቺ ፈቃድ የማይሆን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ከባንክ ሥራዬ መልቀቄን የነገርኩሽ ቀን ትዝ ይልሻል አይደል? ፍልሰታ ነበር፤ ሽሮ ቀርቦልን። ከነገሪ ጋር፣ ያ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረውና ቤታችን ሲመጣ በሩ ላይ ጎንበስ የሚለው ረጅሙ ልጅ፣ ከሱ ጋር የቪዲዮ ጌም ልንሠራ ነው፣ ልዩ ኃይል ስላላት ጀግና ነው ስልሽ፣ በእጅሽ የያዝሽውን ጉርሻ መልሰሽ ትሪው ላይ አኖርሽው። አልጮህሽም። በሃያ ዘጠኝ ዓመትሽ ጨዋታ? አልሽና፣ እስኪ ንገሪኝ፣ ምኑ ነው የሚያስደስተው? ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልስ ሲጠፋኝ የማደርገውን ደግሞ ታውቂያለሽ፤ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። በመስከረም እህትሽን ልታስታምሚ ስትሄጂ ቦሌ ድረስ ሸኘሁሽ። እግዚአብሔር ይርዳሽ ብለሽ ሳምሽኝ፤ ሦስቴ የምትስሚውን ጉንጬን አንዴ ብቻ። ቆጥሬያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሲጠይቅሽ አሁንም ባንክ ናት እንደምትይ ሰምቻለሁ። ምን እዋሽሻለሁ፣ ከፍቶኛል፤ አልቅሻለሁም። ጥያቄሽ ግን አለቀቀኝም። ሰባት ወር ሙሉ ይዤው ዞርኩ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና። አሁን መልስ አለኝ።

ቢሯችን ካዛንቺስ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ክፍል ናት። ሰፈሩ ፈርሶ እየተሠራ ስለሆነ መስኮት ከከፈትን አቧራ፣ ከዘጋን ወበቅ ነው። የምንሠራው ሰዎች አራት ነን፤ ምሳችንን የምታበስልና ክፍሏን የምታጸዳልን ጀማነሽ የምትባል ሴትም አለች። ጀግናችን ደግሞ መብረቂት ትባላለች። ቀን ቀን የቀላል ባቡር ትኬት ቆራጭ ናት፤ ከተማው ላይ መብራት የሚውጥ ጭራቅ ሲመጣ ግን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ከሕንፃ ሕንፃ ትዘላለች። ነገሪ፣ ጭራቁን መፍጠር አላስቸገረንም፣ በሳምንት ስንቴ ይጎበኘን የለ እንዴ ይላል።

መጀመሪያ ስንሠራት ምንም የማይሳናት አደረግናት። ከለገሃር ተነስታ በአንድ ትንፋሽ መስቀል አደባባይ! ግድግዳ አያግዳት፣ እሳት አይነካት፣ ጭራቁንም በአንድ ቡጢ ነው የምትዘርረው። እኔማ ሰው ያብዳል ብዬ ነበር። ሰዎች ጠርተን አስሞከርናቸው። ስምንት ደቂቃ! ስምንት ደቂቃ ተጫውተው አሪፍ ነው አሉና ስልኩን አስቀምጠው ወደ ቲክቶካቸው ተመለሱ። እንዲህ ያለው አሪፍ ነው ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ወጡ ይጣፍጣል እያለ ግማሹን ትቶ የሚነሳ እንግዳ ማለት ነው።

ከዚያ ኃይሏን ቀነስንባት። መብረሩን ከለከልናትና መዝለል ብቻ ተውንላት። ተጫዋቹ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተጭኖ በቆየ ቁጥር ዝላይዋ ይረዝማል፤ ትንሽ አብዝቶ ከቆየ ግን ትስታለች። ስታርፍ መሬቱ ነቅነቅ እንዲል፣ ጣሪያ ላይ የሰፈሩት ርግቦች ግር ብለው እንዲነሱ አደረግን። ለርግቦቹ ብቻ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀነው፤ ሳቂብኝ። ርግቦቹ ሲነሱ ግን የመብረቂት ክብደት እጅሽ ላይ ይሰማሻል፤ ክብደቷ ሲሰማሽ ኃይሏም የእውነት ይመስልሻል። ሃያ ደቂቃ ደረስን። እሱም አልበቃ። ሰው ሲወድቅ ይናደዳል፤ ሦስቴ ከወደቀ ደግሞ በቃ፣ ይተወዋል።

አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎች ቁጭ ብለው ሲሞክሩ ጀማነሽ ሻይ ይዛ ገባች። ልክ በዚያ ሰዓት መብረቂት ከስታዲየሙ አጠገብ ካለው ሕንፃ ጫፍ ስታ ቁልቁል ወረደች። ጀማነሽ ትሪውን እንደያዘች፣ እኔን! አለች። ጮክ ብላ፣ ሳታስበው፣ መንገድ ላይ ሰው ሲያዳልጠው እንደምንለው። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠችና በየውድቀቱ፣ እኔን! ድፍት ያርገኝ! አይዞሽ፣ ተነሽ! ስትል፣ እነዚያ ልጆች አንድ ሰዓት ከሩብ ተጫወቱ። በማግስቱ ጀማነሽ ለቅሶ ሄዳ ቀረች፤ ሌሎች መጥተው ሞከሩ፣ ሃያ ደቂቃ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች፣ አንድ ሰዓት። ነገሪ የመዘገበበትን ወረቀት ትኩር ብሎ አየና፣ ፍዮሪ፣ የጎደለን ነገር ጀማነሽ ናት አለኝ።

ምኑ ነው የሚያስደስተው ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ነው እማ። መብረር አይደለም፣ ጭራቁን መደብደብም አይደለም። እሱም ደስ ይላል፤ ግን ቶሎ ይሰለቻል። መብረቂት ለከተማው ሰው ብላ ትዘላለች፤ ስትወድቅ ደግሞ ከዚያው ከተማ አንድ ሰው ለሷ ይደነግጣል። የሚደነግጥለት ሰው ካለ ተጫዋቹ መውደቅ አያሳፍረውም፤ ተነስቶ ደግሞ ይሞክራል። እኔ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ያወቅሁት ይህንን ነው።

ታዲያ ድምፁን እንቅዳው ብለን ጀማነሽን ማይክሮፎን ፊት አቆምናት። ጉድ እኮ ነው! ያቺ ወሬዋ የማያልቅ ሴት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ እንደ ዜና አንባቢ ሆነች። አሥራ አምስት ጊዜ ቀዳናት። ነገሪ ሊያስደነግጣት ብሎ ከኋላዋ ወንበር ገለበጠ፤ ወንበሩ የራሱ እግር ላይ ወደቀና እሱ ጮኸ፤ እሷ ደግሞ እኔን በማለት ፈንታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሞከርኩ። የባንክ ድምፅ ነው የወጣኝ፤ ቀጣይ ደንበኛ የምል ነው የሚመስለው።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ይመጣል። በጥር ወር ሣር የሚያጠጡበት ውኃ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ፈሶ፣ አዳልጦኝ ወድቄ፣ ቁርጭምጭሚቴ እንዳበጠ ሃይለአብ ነግሮሽ ነበር። ከእኔ ጋር የረባ ነገር ካወራሽ አራት ወር ሆኖሽ ነበር። የዚያን ቀን ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት መጣ፤ እኔን! እኔን ልጄ! የቱ እግርሽ ነው? የሚል። አራት ሰከንድ። ከዚያ መልሰሽ ዝም። ያቺን አራት ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አትጠይቂኝ። እግሬ ሲያመኝ ሰማኋት፣ ከዳነም በኋላ ሰማኋት። ተቆጣችኝ እንጂ አልጣለችኝም ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ያቺን ድምፅ ጨዋታው ውስጥ አስገባኋት። የቱ እግርሽ ነው የሚለውን ቆርጬ፣ እኔን! እኔን ልጄ! የሚለውን ብቻ። ልሞክረው ብዬ ነበር እንጂ ላቆየው አላሰብኩም። አንድ ቅዳሜ ሃይለአብ ልጁን ሉሊን ይዟት መጣና ስልኩን ሰጠኋት። መብረቂት ስትወድቅ፣ ጨዋታው ውስጥ ሱቅ ደጅ ከቆመች ሴትዮ አፍ ያንቺ ድምፅ ወጣ። ሉሊ ቀና ብላ አየችኝና አያቴ ናት! አለች። ከዚያ መብረቂትን ረጅሙ ሕንፃ ላይ አወጣቻት፤ ወደቀች። ደግማ አወጣቻት፤ ወደቀች። እንዲህ አይደለም፣ ጣትሽን ቶሎ ልቀቂው ብዬ ላሳያት ስል፣ ተዪኝ አክስቴ፣ ሆን ብዬ ነው አለችኝ። ሃይለአብ ፊቱን አዞረና አቧራ ዓይኔ ገባ አለ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ድምፅሽን ሰምተዋል። ሳላስፈቅድሽ። ይቅር በይኝ እማዬ። የእናትነት ድንጋጤሽ ለእኔ ብቻ የተላከ ነበር፤ ለሰው መስጠት አልነበረብኝም፤ ያውም አንቺ በማትወጂው ሥራ ውስጥ። ጨዋታው ለዳግማይ ትንሣኤ ለሕዝብ ይወጣል። ነገሪ ያለዚያ ድምፅ ሥራችን ሞተ ይላል። እኔ ደግሞ እናቴ እሺ ካላለች ድምፁ ከጨዋታው ይወጣል፣ አለቀ አልኩት፤ ለሁለት ቀን ተኮራርፈን ከረምንና እሱም ተስማማ። ስለዚህ የፈቃድ ወረቀት አያይዣለሁ፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ በሁለት ቅጂ፣ ቀንና ቁጥር ያለው፣ ጉዳዩ ከሚለው ሥር የተሰመረበት። ብትፈርሚበትም ባትፈርሚበትም ለሃይለአብ መልሰሽ ስጪው፤ ባዶውን ካየሁ ይገባኛል፣ አልቀየምም። ለዘመድም ባንክ ናት ማለቱን ከፈለግሽ ቀጥዪ፤ አንቺ ራስሽ ግን ምን እንደምሠራ እወቂልኝ።

ሃይለአብ ለሆሳዕና ሲመጣ ጨዋታው የተጫነበት ስልክ ያመጣልሻል። አንዴ ብቻ ሞክሪው። መነጽርሽን አድርጊ፤ ከለገሃር ጣሪያ ላይ ትጀምሪያለሽ። ጣትሽን ጫን አድርገሽ ልቀቂ፤ እንደዚያ አሮጌ የጽሕፈት መኪናሽ አትቀጥቅጪው።

አክስቴን መብርሂትን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስትድን አዲስ አበባ መጥታ ካልጠየቀችኝ እንደምቀየማት ንገሪያት። ልጇ አሉላ ሰላም ይድረሰው፤ ስልኩን አንቺ ሳትሞክሪው እንዳይነጥቅሽ አደራ። አብራችሁ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱት ጎረቤትሽ እጸገነትም ሰላምታዬ ይድረሳት። ሉሊ ጥርሷ ወልቋል፣ አያቴ እንዳትስቅብኝ ብላለች። ነገሪ እጅ ይነሳል። ጀማነሽም ድምፅሽን ሰምታ፣ እኚህ ሴትዮ በለጡኝ፣ ቢመጡ ግን ምሳ አበላቸዋለሁ ብላለች።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ አልጨርስም። በሚደርስሽ ስልክ ውስጥ ያንቺ ድምፅ የለም፤ አውጥቼዋለሁ። በእሱ ፈንታ ያለው የኔ ነው። አንቺ የጽሕፈት ቤቱን ደረጃ ስትወርጂ ወድቀሽ ክንድሽ የተሰበረ ቀን፣ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መጥቼ በር ላይ ያየሁሽን አሰብኩና፣ ያ ማይክሮፎን ፊት እንቢ ያለኝ ድምፅ በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። ስለዚህ እማዬ፣ አትፍሪ፣ ዝለይ። ብትስቺም፣ አሥር ጊዜም ብትወድቂ፣ እኔን! እኔን እናቴ! እልሻለሁ።

ልጅሽ ፍዮሪ

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.