በአባዬ ጉልበት ላይ ያለው መጽሐፍ

ይድረስ ለወንድሜ፤ የአባቶቻችን አምላክ ጤናህን ይስጥህ። እኛ ደህና ነን።

ላስጠርዘው ብለህ የወሰድከው የአያታችን መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት ሆነልህ? ትናንት አሮጌ ዕቃ መሸጫው መስኮት ውስጥ አንድ አየሁ፤ የእማዬ ሻማ የነጠበበት ምልክት ሳይቀር ሽፋኑ ላይ አለ። ባለሱቁ «ያመጣው ሰውዬ ቁርጥ አንቺን!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አባዬ ዓይኑን ካጣ ወዲህ መጽሐፉን ካልዳሰሰ አይጸልይም። ጨንቆኝ ያንተን የድሮ መዝገበ ቃላት ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። ዳበስ ዳበስ አደረገና «አሳምሮ አስጠርዞልኛል፤ የኔ ልጅ እጁ ይባረክ» አለ። ዛሬ ደግሞ ልጄን ጠርቶ «ነይ አንብቢልኝ፤ ነገ ያንቺ ነው» አላት። ገለጠችውና ቀና ብላ አየችኝ።

አባዬ አብዝቶ መርቆሃል። አሜን የሚለውን ላንተው ትቼዋለሁ።

እህትህ