ያልተመዘገበው ቁስል

መካነ ሰላም
ጥር 15 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ እታለም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽስ ትንሽ አሳረፉሽ? እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባውና በጤናዬ አለሁ። የዘንድሮውን ብርድ ግን አልቻልነውም፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ብዕር አልይዝ ይሉኛል፣ ጽሕፈቴ ቢጠማመም በዚያ ያዢልኝ። ስለ እማ ወደ ታች እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቴ። በስልክ ስነግርሽ፣ ነርስነቱ አልበቃ ብሎሽ ደግሞ ምን ልትማሪ ነው ብለሽ ስቀሽብኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጋ አንዲት ነርስ ሃያ ታማሚ ይዛ ትሮጣለች። የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ አልጋ የሚያነጥፍ የነርስ ረዳት ያስፈልጋል፤ ረዳቶቹን የሚያስተምር ሰው ግን የለም። ማስተማር ለሚፈልጉ ነርሶች በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና አለ ሲባል ሮጬ ተመዘገብኩ። እስቲ እድሌን እዪ፣ በወሩ የስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ! ከዚያ በኋላ የተማርኩት ወረዳ ቢሮ በሚሠራው በአምላኩ ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ለምሳ ሲወጣ እኔ እገባለሁ። ቪዲዮ መላክ በዚያም አይሞከር፤ የእኔ ኢንተርኔት የሚሄደው በአውቶቡስ ነበር። በፍላሽ አድርጌ ለሹፌሩ እሰጣለሁ፣ ደሴ ያለች የክፍል ጓደኛዬ ተቀብላ ትልክልኛለች።

የመጨረሻው ፈተና፣ ስናስተምር ተቀርጸን መላክ ነበር፤ አልጋ ላይ የዋለን ሰው እንዴት እንደሚያጥቡና ያዩትን እንዴት እንደሚመዘግቡ። ሦስት ልጃገረዶች አገኘሁ። አንዷ የአራጌ ልጅ ዙሀራ ናት፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠችው። የምትታጠብ ታማሚ ግን አጣሁ፤ የጤና ጣቢያ ታማሚ መቅረጽ አይፈቀድም። ስለዚህ ልጆቹን ቤት ወሰድኳቸው።

እታለም፣ እማ ከሚያዝያ ጀምሮ አልጋ ላይ ናት።

አፉ በይኝ። የወደቀችው ከገበያ ስትመለስ ነው፤ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ ምላሷም ተሳሰረ። ደሴ ወሰድናት፣ ስትሮክ ነው አሉን። ድምጿ ምነው ተጎተተ ስትይኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጥርስ አስነቅላ ነው አልኩሽ። ጎረቤታችን እታገኘሁ፣ ያዲያቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ትላለች፤ እኔም በጉንፋን ጀምሬ ዘጠኝ ወር ዋሸሁሽ። እማም አስምላኛለች፣ ሰው አገር ላለች ልጅ ክፉ አይነገርም ብላ። ስትደውዪም ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ የምትልሽ ራሷ ናት።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። ዙሀራ እማን ስታጥብ ግራ ዳሌዋ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ቀና ብላ፣ እዚህ ጋ ቆስለዋል፣ ልጻፈው ወይ አለችኝ። እኔ መልስ በመስጠት ፈንታ ወደ እማ ዞሬ፣ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እሷም እንዳገራችን ደንብ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩ፣ ደህና ነኝ አለች። በይ ታማሚዋ ያለችውን ጻፊ አልኳት ዙሀራን። ልጅቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እማን አየችና ደህና ብላ ጻፈች። ካሜራው ይህን ሁሉ ይቀርጻል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአሠልጣኛችን የሲስተር አሰጋሽ መልስ መጣ። አዲስ አበባ ያሉ፣ የማይስቁ ሴትዮ ናቸው። ወድቀሻል አሉኝ። አራተኛው ደቂቃ ላይ አቁሚና ዳሌዋን እዪ፣ የመኝታ ቁስል ነው፤ ተማሪዋ አይታው አስተማሪዋ አስካደቻት፤ ደህና ነኝ ማለት ሰላምታ እንጂ ምርመራ አይደለም ብለዋል። ከታች ደግሞ፣ እኒህን እናት የምታስታምም ባለሙያ ካለች ትጠየቅበት የሚል ጨምረዋል። እናቴ መሆኗን አያውቁም።

እዚያው የሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። አምላኩ ከምሳ ሲመለስ፣ ምነው ሰው ሞተብሽ እንዴ አለኝ። ወላሂ እታለም፣ ቁስሉን አላየሁትም ብዬ ዳግመኛ አልዋሽሽም። አይቼዋለሁ። ሰው ቤት ቢሆን አስታማሚዋን በቁጣ አጥባት ነበር። ሥራ ውዬ ስመለስ እማን ጠዋት ባስተኛኋት ጎን ላይ አገኛታለሁ፤ እታገኘሁ ምሳ ታበላታለች እንጂ እሷም አርጅታለች፣ ማንሳት አትችልም። ነርስ ባለበት ቤት እናት ቆሰለች መባልን ፈራሁ። ከሰው ሁሉ ይልቅ የፈራሁት ግን አንቺን ነው፤ ገንዘብ እየላክሽ አስተምረሽ ነርስ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሰው የምመክር ሴት ነኝ እንግዲህ።

ቪዲዮውን ደግመን ቀረጽን። በዚህኛው ዙሀራ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል፣ ዙሪያው የጠቆረ፣ ሽታ ያለው ብላ ጻፈች። እኔም ለሌሎቹ ልጆች እያሳየሁ አስረዳሁ። ሲስተር አሰጋሽ በአንድ መስመር አልፈሻል ብለው ላኩልኝ። ደስታው እንዳሰብኩት አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲህ እማን በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣታለን። ዙሀራ ቀን ቀን ትመጣለች፣ እኔ ከሥራ እመላለሳለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያዞራት ቆዳዋ አንሶላው ላይ ይጎተታል፤ ሁለት ሆነን ወዲህና ወዲያ ስንቆም ግን ቀስ ብላ ትነሳለች፣ አታቃስትም። ቁስሉ መጥበብ ጀምሯል። በዚሁ ከቀጠልን ይድናል፤ ካቋረጥን ወደ አጥንት ይገባል።

እማ መጻፌን አታውቅም። ስትደውዪ እሷን አትቆጪያት፣ እኔን ተቆጪኝ፣ ይገባኛል።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ዙሀራ ናት። በአክስቷ በኩል የጅዳ ቪዛ ወጥቶላት ሐሙስ አንቺ ወዳለሽበት ትነሳለች። ለአገሩ እንግዳ ናትና አብሽሪ በያት። እጇ የለሰለሰ፣ ዓይኗ የማይዋሽ ልጅ ናት። ከሐሙስ ጀምሮ የእማ አልጋ አንደኛው ወገን ሰው የለውም።

አላህ ድካምሽን ይቁጠርልሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። አንቺንና እማን ለዓይነ ሥጋ ያብቃችሁ። አሚን።

ታናሽ እህትሽ