ስለ ዝምተኛው ሳይረንና ስለ ታሸገው ኮምፒዩተር

ይድረስ ለክቡር የወንዝ ሙላት ማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? የቆላው ሙቀትና ትንኝ ሳይደፍርዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ሳይቋረጥብዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ከኮኪት ከተማ በታች ኾሩ ዳር የምኖረው ዙፋን እንግዳው ደህና ነኝ። ያጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚመልስ ጽሕፈት ቤት ገና ስላልተከፈተ አላስቸግርዎትም።

ደብዳቤውን ሌላም ሰው እንዲያነበው ስለፈለግሁ፣ እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትንም ጭምር ብጽፍ አይሰልቹብኝ። ኾር የምንለው በጋውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመውን ወንዛችንን ነው። ክረምት ላይ ደጋው የጣለው ዝናብ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በአንድ ጊዜ ግድግዳ ሆኖ ይወርዳል። ለዚህ ሲባል በላይኛው ድልድይ ላይ የውሃ መለኪያ ተተከለ። መለኪያው በሬዲዮ ለቢሮዎ ይልካል፤ ከተቀባዩ ሳጥን የሚወጣው ገመድ ኮምፒዩተሩ ጀርባ ይሰካል፤ ኮምፒዩተሩም ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን የማስጠንቀቂያ ሳይረን ያስጮኸዋል። ለዓመታት እንዲህ ነበር የኖርነው። ሳይረኑ ሲጮህ ከአሸዋው እንወጣለን፣ ዝም ሲል እንሻገራለን።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ አዲሱ ኮምፒዩተር አመሰግናለሁ። አሮጌው በሙቀት ተቃጥሎ ሲያርፍ፣ ጽሕፈት ቤትዎ አንድ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከርበት ማለፊያ ኮምፒዩተር አስመጣልን። ሪባኑ ሲቆረጥ እኔም ከሰው ጋር አጨብጭቤአለሁ። የተቀባዩ ገመድ የሚሰካበት ሶኬት ከጀርባው እንደሌለ የታወቀው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው አሉ። ገመዱ ተንጠልጥሎ የቢሮውን መልክ እንዳያበላሽም ከግድግዳው ጋር አብሮ ቀለም ተቀባ፤ ብቅ ብሎ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። ቀለሙ ክሬም ነው፣ ያምራል።

ሁለተኛ፤ እንዳንደነግጥ ስለ መጠንቀቅዎ አመሰግናለሁ። ሳይረኑ ከኮምፒዩተሩ ጋር አለመገናኘቱን ለኾሩ ዳር ሰው የነገረ አልነበረም። ሐሳብዎ ሠምሯል፤ ማንም አልደነገጠም። ባለፈው ነሐሴ ልጄ የትናየት ከማዶ ከሰሊጥ እርሻ ስትመለስ አልደነገጠችም። የትናየት የጎልማሶች አስተማሪ ነበረች፤ ይህን የምጽፍበትን ፊደል በስተርጅናዬ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። በዚያ ቀን ለአረም ከጎጃም የመጡ ሁለት ሠራተኞች አብረዋት ነበሩ። አንደኛው፣ ባየልኝ የሚባለው፣ የውሃው ጠረን አላማረውምና ትንሽ እንቆይ ብሎ ከዳር ቆመ። እሷ ጆሮዋን ወደ ከተማው ጣል አድርጋ አዳመጠች፣ ከዚያም ሳቀችበት።

«ሳይረኑ ዝም ብሏል። ና ተሻገር፣ አንተ ፈሪ።»

ባየልኝ የተረፈው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ባለበት ነው። እሷንና ከፊቱ የገባውን ጓደኛውን ውሃው ወሰዳቸው። ጓደኛውን ከታች ወደ አገራችን ድንበር ተጠግቶ፣ ከግራር ሥር ተይዞ አገኙት። እሷን አላገኘናትም።

ከዚያ ወዲህ ዝምታን አላምንም። ጀነሬተሩ ሲጠፋ፣ ባጃጆቹ ሲያልፉ፣ ውሻው መጮኹን ሲተው፣ ያ ዝምታ የእሷን ድምፅ ይይዛል፤ ነይ ተሻገሪ ይለኛል። ተነስቼ በር ላይ እቆማለሁ፤ አንድ ነገር እስኪንኳኳ ድረስ አልመለስም። አንድ ቀን ቢሮዎ ወረፋ ስጠብቅ የገመዱን ጫፍ ከግድግዳው ስቤ ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁት ጥበቃው ሳይነግርዎ አይቀርም። እብድ ነች ብሎ ከሆነም አልቀየመውም። መለኪያው እኮ አልተበላሸም አሉኝ። ልጄ በሞተች ሰዓትም ውሃ መጣ፣ ውሃ መጣ እያለ በዚያ ገመድ ሲናገር ነበር፤ የሚሰማው ስላልነበረ ነው እንጂ። አሁን አንድ ሰው እንኳ ይስማው ብዬ ነው።

ሦስተኛ፤ ከሐዘኑ በኋላ ስለ ሰጡኝ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ያ ሶኬት ያረጀ መሆኑን፣ የኮምፒዩተሩ ክፍል ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ማዘርቦርድ እንደሚባል፣ አሮጌውን ሶኬት የሚቀበል ዘመናዊ ማዘርቦርድ ግን በገበያ ላይ እንደሌለ፣ እስኪገኝ በትዕግሥት መጠበቅ እንደሚገባኝ በቀዝቃዛ ውሃ እያስተናገዱ አስረድተውኛል። አሮጌውን ገመድ ከአዲሱ ዓይነት ሶኬት ጋር የምታገናኝ ትንሽ መቀየሪያ ተሞክራ እንደነበርም ነግረውኛል፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ሌላ የመለያ ቁጥር እየሰጣት፣ የሳይረኑ አሮጌ ፕሮግራም በቀድሞ ቁጥሯ እየፈለገ ሲያጣት፣ ተነቅላ መሳቢያ ገባች። እኔም ገበያውን ራሴ ልጠይቀው ብዬ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነጋዴው ሷሊህ ዘንድ ሄድሁ።

ሷሊህ ከካርቶን አንድ አዲስ ማዘርቦርድ አውጥቶ በጥፍሩ አሳየኝ። ፋብሪካዎቹ አሮጌውን ሶኬት ጨርሰው አልጣሉትም አለኝ፤ ወደ ውጭ ማውጣቱን ነው የተዉት። ከሰሌዳው ታችኛው ጠርዝ ላይ ፒን የሚሏቸው ዘጠኝ ቀጫጭን የብረት ሹሎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ አምስት በአንዱ፣ አራት በሌላው፣ የአንዱ ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። በስህተት ተገልብጦ እንዳይሰካ ነው ክፍት የተተወው። ከዚያ ላይ ተነስታ በኮምፒዩተሩ ጀርባ የምትወጣ አጭር ገመድ ብቻ ትበቃለች። ገመዷን ከጎንደር አስመጣልኝ።

እንግዲህ ያን ዓይነት ማዘርቦርድ ይግዙልን ብዬ ልለምንዎ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ስጠብቅ ፊቴን ወደዚያ ወደሚያምረው መስታወት አስጠጋሁ። መብራቱ ይሽከረከራል፤ ቀይ ይሆናል፣ ሰማያዊ ይሆናል። ከሥር፣ ከጠርዙ ላይ፣ ያ አፍ አለ። ሁለት ረድፍ፣ አንድ የወለቀ ጥርስ። የኮምፒዩተር ባለሙያዎን ሙዓዝን ጠራሁት። ተንበርክኮ አየ፣ ፊቱን ሳያዞርም ተናገረ።

«እናቴ፣ መጀመሪያውንም እዚሁ ነበር።»

ክቡርነትዎ፣ ልጄ ከመሞቷ በፊት ጀምሮ፣ እርስዎ በገበያ ላይ የለም ያሉኝ ነገር ከጠረጴዛዎ ጎን፣ በመስታወት ውስጥ፣ በሁለት ዓይነት መብራት ደምቆ ተቀምጧል።

አራተኛ፤ ስለ እሽጉ አመሰግናለሁ። የኮምፒዩተሩ ክዳን ላይ «ታሽጓል፣ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይከፈትም» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት ተለጥፏል። ሙዓዝ እሽጉን ቢነካ የሚያጣው እንጀራውን ነው፤ አልፈረድሁበትም። ኮሚቴው ደግሞ ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ስለሆኑ አልተሰበሰበም። ገመዷም በግዢ ሥርዓት ስላልመጣች ተቀባይ አጥታ በፌስታል ይዣት እመላለሳለሁ። የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ ወረቀቱን የእኛ አገር ሙቀት አይወደውም። በየጊዜው ሙጫው ቀልጦ ይወድቃል፤ ጥበቃው አንስቶ በፕላስተር ይመልሰዋል። ለወደቀ ወረቀት ይህን ያህል ንቁ ጠባቂ ያለው ጽሕፈት ቤት አይቼ አላውቅም።

ልመናዬ አጭር ነው። ሰኔ ገብቷል። ሠራተኞቹ አሸዋው ዳር ዳስ መሥራት ጀምረዋል። ትናንት ከወሎ ለመጡ ልጆች የሚጠጡት ውሃ ስሰጥ፣ እዚህ ሳይረን አለ አሉ፣ እውነት ነው እማማ ብለው ጠየቁኝ። የለም፣ ከላይ ስፈሩ አልኋቸው። ታዲያ ያ ምሰሶ ላይ የምናየው ምንድን ነው ብለው ተያዩና ሳቁ፤ የአሮጊት ነገር ብለው ዳሳቸውን መማገር ቀጠሉ። እንደ ልጄ ነው የሳቁት። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከሁለቱ አንዱን ያድርጉልን፤ ወይ ክዳኑ ተከፍቶ ገመዷ ትሰካ፣ ወይ ሳይረኑ ከምሰሶው ይውረድ። የሌለ ሳይረን ሰው አይገድልም። የሚገድለው ያለ መስሎ ዝም የሚለው ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ የሥራ ዘመን ርዝመትን፣ ለኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤን፣ ለወረቀቱ ጠንካራ ሙጫን እየተመኘሁ፣

የቢሮዎ አግዳሚ ወንበር የዘወትር ደንበኛ፣
የሟች የትናየት እናትና ተማሪ፣
ዙፋን እንግዳው
(ከኮኪት በታች፣ ኾሩ ዳር)

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ከጻፍሁ በኋላ ቢሮዎ ብመጣ እሽጉ ዳግመኛ ተላቆ ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። ሌባ እንዳትፈልጉ፣ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ገመዷን ከነፌስታሏ እሽጉ በነበረበት ክዳን ላይ ትቼላችኋለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ አሁን እንዳይከፈት የሚከለክል የተለጠፈ ነገር የለም። ወረቀቱን ግን ለከንቱ አላዋልሁትም። ጽሕፈት ቤትዎ በእሱ ላይ ያለውን እምነት ስለማውቅ፣ የትናየት በገባችበት መሻገሪያ፣ ከድንጋዩ ላይ አጥብቄ ለጥፌዋለሁ። ውሃው ሲመጣ ማኅተሙን አይቶ ይመለስ እንደሆነ፣ ክረምቱ ሲገባ አብረን እናያለን።